መጀመሪያ የወር ወጪው፦ በትንሽ ከተማ ለሕዝብ የኢንተርኔት ክፍል ገንዘብ እንዴት ይሰበሰባል

እኔ በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ብዙ በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ የአይሲቲ መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን፣ ድሮ የተሰበረ ወንበር ይከመርባት የነበረች ክፍል አለች። ዛሬ ስድስት ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ራውተር፣ ቆርቆሮዋ ላይ ደግሞ ሶላር አላት። ተማሪውም፣ ገበሬውም፣ ገበያተኛውም ይገባባታል። "እንዴት አድርጋችሁ ነው ያቆማችኋት?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ከሌላ ወረዳ መምህራን ይጠይቁኛል። ከጅዳና ከዋሽንግተን የአገር ልጆች ይደውላሉ። ለእያንዳንዱ ከምተርክ አንዴ ልጻፈው።

ይቺ ክፍል ሁለተኛ ሙከራችን ናት። የመጀመሪያው ዓመት አልሞላውም። አንድ ረጂ ድርጅት አሥራ ሁለት ዴስክቶፕ አመጣልን። ሪባን ተቆረጠ፣ ቡና ተፈላ፣ ፎቶ ተነሳን። የሦስት ወር ኢንተርኔት ተከፍሎልን ነበር። አራተኛው ወር ላይ ግን ማን ይክፈል? ትምህርት ቤቱ በጀት የለውም። ወረዳውም "በዓመቱ መጀመሪያ አላስያዛችሁም" አለን። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አንድ አንድ ኮምፒውተር ይቃጠላል። የሚጠግን ቢገኝ እንኳ የሚከፈለው የለም። በስምንተኛው ወር በሩ ተቆለፈ፣ ቁልፉም ንብረት ክፍል ገባ። ልጆቹ እረፍት ላይ እየመጡ በመስኮት ያዩ ነበር። እሱን ማየት በጣም ከብዶኝ ነበር።

ከዚያ የተማርኩት ይሄ ነው። ዕቃ የሚሰጥ ሰው ይገኛል። በየወሩ የሚከፍል ግን ከሩቅ አይመጣም። ስለዚህ ገንዘብ ማሰባሰብ ስትጀምሩ ኮምፒውተር አትለምኑ። መጀመሪያ የወር ወጪውን የሚሸፍን የአካባቢ መዋጮ አቁሙ። እሱ ሦስት ወር ሳይቋረጥ ከገባ በኋላ ዕቃውን ጠይቁ።

ሁለት ሳምንት ጠይቁ

አንድ ደብተር ግዙ። ለሁለት ሳምንት በየገበያው ቀን ሞባይል ጥገና ሱቅ አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣ፣ ስንት እንደከፈለ ጻፉ። ስም አያስፈልግም።

እኛ "ተማሪ ነው የሚፈልገው" ብለን ገምተን ነበር። ደብተሩ ሌላ ነገር አሳየን። አብዛኛው ሰው የመጣው አረብ አገር ካለ ልጁ ጋር ለመገናኘት ነው። ቀጥሎ ፓስፖርት ለማመልከት። ቅጹ ኦንላይን ነው፤ መሙላት የማይችል ለሚሞላለት ሰው ይከፍላል። ተማሪው ሦስተኛ ነበር።

አንዲት እናት ከዓይኔ አይጠፉም። ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ስማርት ስልክ ልካላቸዋለች። ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የሚመጡት። "ልጄ ተቀይማኛለች መሰለኝ፣ ሦስት ወር አልደወለችም" አሉኝ።

"እትዬ፣ እስቲ ስልኩን ልየው?" አልኳቸው።

ፈተው ሰጡኝ። የስልኩ ቦታ ሞልቷል፣ ዳታውም ተዘግቷል። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም አላነበበላቸውም። ጥቂት ቪዲዮ አጠፋሁና ከራሴ ስልክ ዋይፋይ ሰጠሁት። ኢሞ ሲከፈት ያልተነሳ ጥሪ ተደረደረ። ከላይ እስከ ታች የልጅቷ ስም ነው። እናትየው ማንበብ አይችሉም፤ ፎቶዋን ግን አወቁ። በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩት። ከዚያ ደወልንላት።

ይህን የጻፍኩት ለማሳዘን አይደለም። ገንዘብ ስትጠይቁ "የዲጂታል ተደራሽነት" የሚል ቃል ሰውን አያንቀሳቅስም። ደብተሩ ላይ ያለው ግን ያንቀሳቅሳል። በተለይ ደግሞ እውነት ስለሆነ።

የተማሪውንም ጉዳይ አሳንሳችሁ አትዩት። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ቤቱ ኮምፒውተር ካለው ልጅ ጋር እኩል ሰዓት ተሰጥቶት ይወዳደራል። ለወላጅ ስብሰባ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ ይበቃል።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ያዙ። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የብሮድባንድ ኮሚሽን ያስቀመጠው ልክ አለ፦ መነሻ የኢንተርኔት ዋጋ ከአማካይ የነፍስ ወከፍ ወርሃዊ ገቢ 2 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህን ወደ ሰፈራችሁ አውርዱት። በወር 3,000 ብር የምታገኝ እንጀራ ሻጭ ብትኖር ልኳ 60 ብር ነው። በደብተራችሁ ላይ ስንት እየከፈለች እንደሆነ እዩ። ልዩነቱ ነው እናንተ ገንዘብ የምትሰበስቡለት።

ወጪውን በወረቀት አውጡ

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። የብዙ ክፍል ሞት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ መብራት። የእኛ ከተማ መብራት አላት፤ ግን ይሄዳል ይመጣል። ስለዚህ ሶላር ያስፈልጋል። ስንት? ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ነጋዴው እንዲያወጣላችሁ አትተዉለት። አንድ ላፕቶፕ ወደ 40 ዋት ይበላል። ስድስቱ በቀን አራት ሰዓት ቢሠሩ፣ 6 በ40 በ4፣ 960 ዋት ሰዓት ይሆናል። ራውተሩና ትንሿ ሰርቨር (ኢንተርኔት ሳይኖር የምታስነብበን፣ ወደ ታች እመጣባታለሁ) አንድ ላይ 15 ዋት ቢሆኑ፣ ለ10 ሰዓት 150። ድምሩ 1,110። አሁን ባትሪ። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪ 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግን ከግማሹ በላይ ካወጣችሁበት ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ 1,200 ብቻ አለን በሉ። ለኛ ልክ ነው። ፓነሉ ደግሞ በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 222 ዋት ይበቃ ነበር። የሚባክነውንና የአቧራውን ስንጨምር 350 ዋት አደረግነው።

አሁን ያንኑ በዴስክቶፕ አስቡት። አሮጌ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 150 ዋት ቢበላ፣ ስድስቱ ለአራት ሰዓት 3,600 ዋት ሰዓት። ሦስት ባትሪ ያስፈልጋችኋል። "ዴስክቶፕ በነፃ እንስጣችሁ" የሚል ሲመጣ ይህን ወረቀት አውጡና አሳዩት። ነፃ ዴስክቶፕ ከተገዛ ላፕቶፕ ሊወደድ ይችላል። ፕሪንተሩን ደግሞ በሶላር አታስቡት። መብራት ሲኖር ብቻ ይሠራ።

ቀጥሎ የሚረሳው ወጪ፦ ባትሪ ያልቃል። ሦስት ዓመት ካገለገለ ጥሩ ነው። ለምሳሌ ባትሪው 36,000 ብር ከሆነ ለ36 ወር አካፍሉት። በወር 1,000 ብር ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለብቻው ይቀመጥ። ባትሪው አዲስ ሳለ ማስቀመጥ ሞኝነት ይመስላል። አይደለም። የመጀመሪያው ክፍላችን እንዲህ የተቀመጠ ብር ቢኖረው ኖሮ ዛሬም ክፍት ይሆን ነበር።

የእኛ የወር ወጪ ሲጀመር እንዲህ ነበር፦ ኢንተርኔት 1,500፣ የባትሪ ቁጠባ 1,000፣ ለጥገና 700፣ ክፍሉን ለምትከፍተው ልጅ አበል 1,500። ድምር 4,700 ብር። አበሉን አትቁረጡ። "በበጎ ፈቃድ ትሥራ" የሚል ሁልጊዜ አለ። በበጎ ፈቃድ የምትሠራ ልጅ ሠርግ ሲኖር ትዘጋለች፣ አጨዳ ሲደርስ ትዘጋለች። ከሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ የመጣ ሰው በሩ ተቆልፎ ካገኘው ሁለተኛ አይመጣም።

ቅሬው ዘንድ ሂዱ

ቅሬ እናንተ ዕድር የምትሉት ነው። በኛ ሰፈር ሦስት ቅሬ አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው። በየወሩ ይሰበሰባል፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ደብተር አለው፣ ሰው ያምነዋል። አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም እሱን መጠቀም ይሻላል።

የተሰበሰብነው ዋርካ ሥር ነበር። ጥያቄያችን ለአንድ አባወራ በወር 10 ብር ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሱና "ቅሬ ለሞት ነው፤ ለኮምፒውተር መች ሆነ?" አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ መልስ ነበረኝ፤ ግን ከመናገሬ በፊት የቅሬው ሊቀመንበር ቀደሙኝ። "ጋሼ፣ ድሮ ለቅሶ በጥሩንባ ነበር የምንጠራው። ዛሬ በምንድነው? ኩዌት ያለች ልጅ አባቷ ሲሞት በምን ትሰማለች?" አሏቸው። ሽማግሌው ትንሽ ዝም ብለው "እንዲህ ከሆነ ይጻፍ" አሉ።

ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ሊቀመንበሩን ለብቻ አነጋግሩ። ሐሳቡ ከአካባቢው ሰው አፍ ሲወጣ ሌላ ነው።

ሦስቱ ቅሬዎች 420 አባወራ አላቸው። በ10 ብር 4,200 ይመጣል። የጎደለው 500 ብር ከፎቶ ኮፒና ከፕሪንት ይሞላል። መክፈል የማይችል ቤት አለ። እሱን እናንተ አትምረጡ። ቅሬው ማን እንደተቸገረ ያውቃል፤ ማንም ሳይሰማ ይተውለታል። አገልግሎቱ ግን ለከፈለውም ላልከፈለውም አንድ ነው። ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ አስጽፉት፤ በኋላ ክርክር ያስቀራል።

ብሩ በግለሰብ ቴሌብር አይሰብሰብ። ሰውየው መልአክ ቢሆንም አይሰብሰብ። የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፣ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፣ ብር ለማውጣት ሁለቱ ይፈርሙ። የእኛ ፈራሚዎች የቅሬው ገንዘብ ያዥ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ሰብሳቢዋና ርዕሰ መምህሩ ናቸው። እኔ የለሁበትም። ዕቃውን የሚመርጥ ሰው ብሩን ባይዝ ይመረጣል። ከ5,000 ብር በላይ ለሆነ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ እናመጣለን። ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል። አድካሚ ነው። ሰው ግን ከዚያ በኋላ አይጠረጥራችሁም።

ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልጋል ወይ? ለመጀመሪያው ዓመት በትምህርት ቤቱ ጥላ ሥር በወመህ መቆየት ይቻላል። ከውጭ ገንዘብ ስትጠይቁ ግን መመዝገብ ይመጣል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 985/2009። አባላቱ ባለቤት ይሆናሉ፣ ትርፍም መሥራት ይችላል። ሌላው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011። እዚህ ላይ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ እንደማይችል እወቁ። የእኔ ምርጫ የኅብረት ሥራው ነው። ሰው የራሱ የሆነውን ይጠብቃል።

ውጭ ያሉት ልጆች

የወር ወጪው ለሦስት ወር ከገባ በኋላ የባንኩን ደብተር ፎቶ አንሱ። አሁን የምትልኩት ደብዳቤ ልመና አይደለም። "እኛ የወሩን እንችላለን፣ እናንተ ዕቃውን አግዙን" ነው።

አረብ አገር ያሉትንና አሜሪካ ያሉትን በአንድ ደብዳቤ አትጠይቁ። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የወር ደመወዟን ለእናቷ፣ ለወንድሟ ትምህርት፣ ለቤት ክዳን አከፋፍላ ጨርሳዋለች። ከእሷ ትልቅ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው። እኛ "የቻልሽውን፣ ካልቻልሽ ምክርሽን" ብለን ነው የጻፍነው። ብዙዎቹ ትንሽ ትንሽ ላኩ። አንዷ ገንዘብ የለኝም ብላ በምትኩ ኢሞ አጫጫንና ስልክ የሞላ ቪዲዮ አጠፋፍ በድምፅ በአማርኛ ቀድታ ላከችልን። ያ ቅጂ ዛሬም በክፍሉ ውስጥ ይሰማል። ከላፕቶፑ ያላነሰ ጠቅሞናል።

አሜሪካ ያሉት ሌላ ጥያቄ አላቸው። እዚያ ሰው ለሰጠው ገንዘብ የግብር ቅናሽ የሚያገኘው በአገሩ ሕግ ለታወቀ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲሰጥ ነው። ስለዚህ የተመዘገበ የአገር ልጆች ማኅበር ካለ በእሱ በኩል ይለፍ። "ለፕሮጀክቱ" ብላችሁ አትጠይቁ፤ በዕቃ ከፋፍሉት። አንድ ፓነል፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ላፕቶፕ። ዕቃው ሲገዛ ደረሰኙንና ከጀርባው ያለውን ሲሪያል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ለሰጪው ላኩ። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ዕቃ እየሠራ ሳለ ድጋሚ ላኩ። ሁለተኛው ፎቶ ነው ሰውን ለሚቀጥለው ዓመት የሚያመጣው።

አሮጌ ኮምፒውተር እንላክ ካሏችሁ በፍቅር አመስግኑና ሁለት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ የቀረጥ ጉዳይ። ዕቃው ከመጫኑ በፊት፣ በማን ስም እንደሚመጣና ምን ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ጨርሱ። ለኛ አንድ ጊዜ ሃያ ካርቶን መጣና ወረቀቱ ስላልተሟላ ወራት ተቀመጠ። የመጋዘን ኪራዩ የዕቃውን ዋጋ አለፈ። የላኩት ሰዎች ከልባቸው ነበር የላኩት። ጥፋቱ ቀድመን አለመጠየቃችን ነው።

ሁለተኛ፣ ቮልት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ተጽፎበታል። አሮጌ ዴስክቶፕ ግን ከኋላው፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለችው። 115 ወይም 230 ትላለች። 115 ላይ እንዳለች ከሰካችሁት "ጧ" ብሎ ይጨሳል። በመጀመሪያው ክፍላችን ሁለት ኮምፒውተር ያቃጠልነው በዚህ ነው፣ ያውም ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት። ማብሪያዋን በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ወደ 230 ግፏት። ከዚያ ነው የሚሰካው።

ትልልቅ ገንዘብ

ይህ የጽሑፌ ክፍል አጭር ነው። ትልቅ ገንዘብ ለትንሽ ከተማ የሚደርሰው በብዙ ቆይታ ነውና።

ዓለም ይህን ነገር ሳያስበው ቀርቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኔቫ በተደረገው የመረጃ ማኅበረሰብ ጉባኤ የሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ ሀብታሙና ድሃው ዓለም የሚረዳዳበት የዲጂታል ትብብር ፈንድ ይቋቋም ብለው ተከራከሩ። በ2005 ተቋቋመ። ሐሳቡ ያማረ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከተማ የኮምፒውተርና የመገናኛ ዕቃ ሲገዛ፣ ጨረታውን ያሸነፈው ሻጭ 1 በመቶውን ለፈንዱ ይሰጣል። ግን በፈቃድ ላይ የቆመ ስለነበር በቂ ገንዘብ አልገባም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። እኔ ይህ ሐሳብ ባይሞት እመኝ ነበር።

የተሻለ የሠራው በሕግ የተደገፈው ነው። ኡጋንዳ ከቴሌኮም ኩባንያዎች ገቢ 1 በመቶ እየወሰደች የገጠር ግንኙነት ፈንድ መሥርታ ነበር የጀመረችው። በኛም አገር የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመ ሲሆን፣ አገልግሎቱ ለሁሉም እንዲዳረስ ማድረግን ከባለሥልጣኑ ሥራ ይቆጥራል። አዋጁን አትማችሁ ያዙት። ለወረዳና ለዞን ደብዳቤ ስትጽፉ ቁጥሩን ጥቀሱ። የምትጠይቁት ችሮታ አይደለም። አንድ ደብዳቤ መልስ ባያመጣ አሥሩ ፋይል ላይ ይቀመጣሉ፤ በጀት ሲያዝ "ይህቺ ከተማ ስትጠይቅ ኖራለች" ይባላል።

ከውጭ ደግሞ የማኅበረሰብ ኔትወርክን የሚደግፉ አሉ። ኢንተርኔት ሶሳይቲና አሶሴሽን ፎር ፕሮግረሲቭ ኮሙኒኬሽንስ ይገኙበታል። ማመልከቻ ስትጽፉ አሸናፊው ገጽ የወር ወጪው ገጽ ነው። "ገንዘባችሁ ሲያልቅ እንዲህ እንቀጥላለን" የሚል ገጽ ያለው አመልካች ጥቂት ነው። ለምሳሌ የሚሆነኝ የደቡብ አፍሪካው ዘንዘለኒ ነው። ምሥራቃዊ ኬፕ፣ ማንኮሲ የምትባል ገጠር ውስጥ፣ ነዋሪው የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁሞ የራሱን ኔትወርክ ዘረጋ። መጀመሪያ ላይ በሶላር ስልክ ቻርጅ እያደረጉ ከሚያገኙት ሳንቲም ነው የተነሱት። እኛም ይህን ከሰማን በኋላ የቻርጅ ሰሌዳ አደረግን። በገበያ ቀን ላፕቶፖቹ ከመከፈታቸው በፊት ፀሐዩ ትርፍ ሲሆን ብቻ ነው የምንከፍተው።

ኢንተርኔት ሳይኖርም

በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለረጅም ወራት አልተመለሰም። የዳታ ብር ምንም አያደርግም ነበር። ክፍሉ ያልተዘጋው በአንዲት ነገር ነው። ትንሿ ሰርቨር ያልኳት እሷ ናት፤ ራስበሪ ፓይ የምትባል፣ መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር። ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ዊኪፔዲያ ጭነንባት ነበር። እንግሊዝኛው ከነፎቶው ወደ 100 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ 256 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ ይበቃል። የመማሪያ መጻሕፍቱን ፒዲኤፍና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችንም ጨመርን። ዋይፋይዋን ራሷ ትለቃለች። ተማሪ በስልኩ ይገባል፣ ብር አይቆጥርበትም። እነዚያን ወራት ልጆቹ ግቢው ውስጥ ግንቡን ተደግፈው ያነቡ ነበር።

ስለዚህ በጀታችሁ ውስጥ ይህን አስቀድሙ። ከሁሉ ዕቃ ርካሿ ናት። ካርዱን ሁለት አድርጉና አንዱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉ። ካርድ ይበላሻል።

ማን ወንበሩ ላይ ይቀመጥ

ገንዘቡ ተገኝቶ፣ ክፍሉ ተከፍቶ፣ ፍትሕ ግን ሊጎድል ይችላል። የመጀመሪያ ወር መዝገባችንን ስቆጥር ከመቶ ስም ሰማንያ አንዱ የወንድ ነበር። ሴቶቹን ማንም አልከለከለም። ክፍሉ የሚከፈተው ከ10 ሰዓት በኋላ ነበርና ያን ሰዓት ውኃ ይቀዳሉ። ለነሱ የምሳ ሰዓትንና የቅዳሜን ጠዋት ለየን። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ወደ ግማሽ ተጠጋ። ብር አልጠየቀም። መዝገብ ላይ ሰዓትና ጾታ መጻፍ ብቻ ነው የጠየቀው።

ዓይነ ስውር ተማሪ ካላችሁ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን አንባቢ ጫኑ፤ ነፃ ነው። አብሮት ያለው ድምፅ አማርኛንም ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ልጁ ግን በሳምንት ይለምደዋል። አንድ ጆሮ ማዳመጫ ግዙለትና ያ ላፕቶፕ የሱ ሰዓት ላይ ለማንም አይሰጥ።

የማይረሳ ፖስታ

መምህር ይዘዋወራል። እኔም አንድ ቀን እዛወራለሁ። ብዙ ክፍል መምህሩ ሲሄድ የይለፍ ቃሉም አብሮ ይሄድና ይዘጋል። የራውተሩን፣ የላፕቶፖቹን፣ የኢሜይሉንና የትንሿን ሰርቨር የይለፍ ቃል በወረቀት ጻፉ። የሶላሩን ገመድ አቀጣጠል በእጅ ሣሉ፤ ቀዩ የት፣ ጥቁሩ የት እንደሚገባ። የሻጩን ስልክና የባትሪውን የግዢ ቀን ጨምሩ። በፖስታ አሽጋችሁ ላዩ ላይ ሦስቱ ፈራሚዎች ይፈርሙበት። ለውጥ በተደረገ ቁጥር ፖስታው ይታደስ።

የእኛ ፖስታ የሚቀመጠው ከቅሬው ድንኳንና ከትላልቆቹ ድስቶች ጋር፣ በሊቀመንበሩ ቤት ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ከሊቀመንበሩ፣ አንዱ ከገንዘብ ያዡ ጋር ይኖራል።